ባለቤቴ ወታደር ነው፤ መጠጥ አበዛ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በአሜሪካ ምድር ጦር ያገለግላል። ከግዳጅ ከተመለሰ ወዲህ ውስኪ ሳይጠጣ አይተኛም፤ ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል። እርዳታ ብጠይቅ ሥራውን ያጣል ብዬ ፈራሁ። በአንዴ ላስተወው? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ በአንዴ አይሆንም! የጠዋቱ መንቀጥቀጥ ሰውነቱ ያለ አልኮል መዋል እንዳቃተው ያሳያል። ድንገት ካቆመ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው፣ ቀጥሎም ሊያቃዠው ይችላል፤ ያን ጊዜ 911 ይደውሉ። ማቆሙ በሐኪም ክትትል ይሁን።

ስለ ሥራው፦ ከ2019 ጀምሮ ምድር ጦሩ ጥፋት ሳይፈጠር በፈቃዱ ለሚታከም ወታደር፣ የደኅንነት ወይም የግዳጅ ብቁነት ሥጋት ከሌለ፣ ለአዛዡ ሳይነገር እንዲታከም ፈቅዷል። ጠጥቶ ሲነዳ ከተያዘ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ስለዚህ ይቅደም። እርስዎም ወታደሮችንና ቤተሰቦቻቸውን ወደሚረዳው የስልክ መስመር፣ ሚሊተሪ ዋንሶርስ (1-800-342-9647) ይደውሉ፤ ነፃ ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል፣ አስተርጓሚም ይጠይቁ። ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ ዛሬውኑ ይቆለፍበት።