ቆጣሪው ተዘግቶ ውሃው ለምን አልቆመም?

አንዲት የጎንደር ማራኪ ሰፈር ነዋሪ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ሌሊት ኩሽና ሲንክ ስር ያለው ፍሌክሲብል (ተጣጣፊው የውሃ ቱቦ) ፈነዳ። ሮጬ ወጥቼ ቆጣሪው ጋ ያለውን መዝጊያ ዘጋሁ፤ ውሃው ግን አልቆመም። ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

እህቴ፣ ቆጣሪውን መዝጋትሽ ልክ ነው፤ ግን የዘጋሽው ከመስመር የሚመጣውን ብቻ ነው። ጎንደር ላይ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙ ቤት ሮቶ አለው፣ ሮቶው ውስጥ ያለው ደግሞ ቆጣሪውን አልፎ የገባ ነው። ባለ 2000 ሊትር ሆኖ ሞልቶ ካደረ፣ መውጫውን እስካልዘጋሽ ድረስ ያ ሁሉ ቤትሽ ውስጥ ይወርዳል።

መጀመሪያ ሲንኩ ስር ያለችውን ትንሿን መዝጊያ ሞክሪ። እሷ ከሌለች ወይ እምቢ ካለች ቀጥታ ሮቶው ጋ ሂጂና ከታች በኩል ያለውን መውጫ ዝጊ፤ ቆጣሪው ከዚያ ይደርሳል። ክብ እጀታ ያለው አሮጌ ጌት ቫልቭ ዝጎ ካስቸገረ በጂራቱቦ አትታገይው፣ ውስጡ ያለው ዘንግ ከተበጠሰ ጭራሽ አይዘጋም። ወዲያ ወዲህ እያልሽ ቀስ በቀስ አላውሺው። እስከዚያው ግቢ ያለውን ዝቅ ያለ ቧንቧ እስከ መጨረሻው ክፈቺና ጀሪካን ደርድሪበት፤ ቤት ውስጥ የሚፈሰው ይቀንስልሻል፣ እዚህ ከተማ ደግሞ ያን ውሃ ሲባክን ማየት ያማል።

ቦይለር ካለሽ አጥፊው፣ ውሃ ሳይኖረው ከሰራ ማሞቂያው ይቃጠላል። ውሃው ወደ ሶኬት እየተጠጋ ከሆነ ዋናውን ብሬከር አውርጂ፤ ግን እጅሽም የቆምሽበትም ደረቅ ከሆነ ብቻ። ካልሆነ አትንኪው፣ ሰው ይዘሽ ውጪ።

የፈነዳ ፍሌክሲብል አይጠገንም፣ አሮጌውን ይዘሽ ሄደሽ ልኩን ግዢ። ጫፉ ላይ ያለችው የጎማ ቀለበት ናት ውሃውን የምትይዘው፤ ስለዚህ እዚያ ቴፍሎን አያስፈልግም። በእጅ እስኪቆም አጥብቂ፣ ከዚያ በቁልፍ ትንሽ ጨምሪ፣ በቃ። ከልክ በላይ ሲጠብቅ ቀለበቷ ትቀደዳለች።

ነገ በቀን ብርሃን መዝጊያዎቹን ሁሉ ፈልጊ፣ ቀይ ቀለም ቀቢያቸው፣ ልጆቹንም አሳዪያቸው። በየጊዜው አንዴ ዘጋ ከፈት አድርጊያቸው፣ እንዳይደርቁ። ሮቶው መውጫ ላይ ጭራሽ መዝጊያ ከሌለ ግን ውሎ አይደር፤ ባለሙያ ጠርተሽ ባለ እጀታ ቦል ቫልቭ አስገጥሚ፣ ሮቶው ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት ጠብቀሽ፣ የሚቀጥለው ፈረቃ ሳይደርስ።