የኪራይ መኪና ይዞ የእግር ጉዞ በአልፕስ፦ ባለ ከዘራው ይመልሳል

ባለ ከዘራው፦ ሰላም ለሁላችሁ። በየተራ በግል ከምትጠይቁኝ አንድ ላይ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ይኸው መጣሁ። ለማታውቁኝ፣ በስዊዘርላንድ በርን ካንቶን ቢጫውን የፖስት አውቶቡስ በተራራ መንገድ ላይ ስነዳ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። በዕረፍት ቀኔ ደግሞ ከዘራዬን ይዤ በእግሬ እወጣለሁ። ስለ ቪዛ ቆንስላውን ጠይቁ እንጂ እኔን አትጠይቁ። አንድ ነገር ግን ሳትጠይቁኝ ልናገር፦ መኪናችሁን የእግር መንገዱ መነሻ ላይ አታቁሙ፤ መድረሻው ላይ አቁሙ። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ሰናይት (ሜሪላንድ)፦ ጋሼ፣ አራት ሆነን በሐምሌ አጋማሽ ጄኔቫ እንገባለን። የመኪናው ኪራይ በፈረንሳይ በኩል ከተረከብነው በጣም ይረክሳል። ወጥመድ አለው?

ባለ ከዘራው፦ ወጥመድ አይደለም፤ ሁለት በር ያለው ቤት ነው። የጄኔቫ አውሮፕላን ማረፊያ የስዊዝ ክፍልና የፈረንሳይ ክፍል አለው። በፈረንሳይ በኩል የተረከባችሁት መኪና የፈረንሳይ ሰሌዳ ይኖረዋል፤ የስዊዝ አውራ ጎዳና ፈቃድ፣ ማለትም ቪኜት፣ አብሮት ላይመጣ ይችላል። ቪኜት 40 ፍራንክ ነው። ለአሥር ቀንም ለዓመትም ዋጋው ያው ነው፤ የአሥር ቀን የሚሸጡት ኦስትሪያዎች ናቸው። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በኢንተርኔት ይገዛል፤ የሚመዘገበው በሰሌዳ ቁጥሩ ስለሆነ መኪናውን ሳትረከቡ አትግዙ። ያለ ቪኜት አውራ ጎዳና ላይ ከተያዛችሁ 200 ፍራንክ ትቀጣላችሁ፤ ቪኜቱንም ትገዛላችሁ።

የባሰው መመለሻው ነው። የፈረንሳይ ክፍል መኪናውን የሚቀበለው ከፈረንሳይ በኩል፣ ከፌርኔ ቮልቴር በሚገባው የጉምሩክ መንገድ ነው። አንድ የአገራችን ሰው ለበረራው ሁለት ሰዓት ሲቀረው በስዊዝ በኩል ደርሶ፣ መስታወት አሻግሮ የሚያየውን የአከራዩን መሥሪያ ቤት መድረሻ አጥቶ ስልክ ደውሎልኛል። ወደ ጣሊያን ወይም ኦስትሪያ የምትሻገሩ ከሆነ ደግሞ አከራዩ መፍቀዱን በጽሑፍ ያዙ።

የደባርቁ ልጅ፦ እኔ የሊማሊሞን መንገድ የነዳሁ ሰው ነኝ። አልፕስ ምን የተለየ ነገር አለው? ባለቤቴ ግን ገደል ትፈራለች። መኪናው አውቶማቲክ ነው።

ባለ ከዘራው፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ሊማሊሞን የነዳ ሰው ግማሹን ያውቃል። የቀረውን ግማሽ ልንገርህ።

ቁልቁለት በፍሬን አይወረድም፤ በማርሽ ነው የሚወረድ። አውቶማቲክም ቢሆን ማርሹን በእጅ ዝቅ የማድረጊያ ቦታ አለው፤ ከአከራዩ ግቢ ሳትወጣ ፈልገህ አግኘው። ከሱስተን ወይም ከፉርካ የተራራ መተላለፊያ (ፉርካ 2,429 ሜትር ነው) ስትወርድ ሞተሩ ይጩህ፤ ጩኸቱ ጤና ነው። የተቃጠለ ነገር ከሸተተህ ሰፊ ቦታ ፈልገህ ቁም፤ ጎማው ላይ ውኃ አታፍስስ፤ ዝም ብለህ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥ።

ጠባብ መንገድ ላይ ሁለት መኪና ሲገናኝ ወደ ኋላ የሚመለሰው በመሠረቱ ወራጁ ነው፤ የሚወጣው ለመተላለፊያው ቦታ በግልጽ ቀርቦ ካልተገኘ በስተቀር። ሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ መለከት የተሣለበት ምልክት ካየህ ደግሞ የተራራ ፖስታ መንገድ ነው፤ እዚያ ላይ የአውቶቡሱ ሾፌር ያዘዘህን ትፈጽማለህ። ቁም ካለህ ትቆማለህ፣ ተመለስ ካለህ ትመለሳለህ። ከኩርባው በስተጀርባ ሦስት ድምፅ ያለው መለከት ከሰማህ እኔ ነኝ፤ አትግባ።

አምና በበጋ አንድ የኪራይ መኪና ኩርባው አፍ ላይ ገጠመኝ። ሰውየው መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ጣቶቹ ነጥተዋል፤ ወደ ኋላ መሄድ አልቻለም። ከኋላዬ አርባ መንገደኛ አለ። ወርጄ መስኮቱን አንኳኳሁና «እኔን ብቻ እየኝ፣ ገደሉን ተወው» አልኩት። አንድ ክንድ፣ ሌላ አንድ ክንድ እያልን ሃያ ሜትር ለመመለስ ስምንት ደቂቃ ፈጀብን። ስለዚህ ወደ ኋላ መንዳትን አውላላ ሜዳ ላይ ተለማመድ። ባለቤትህ ከገደሉ ራቅ ባለው ወንበር ትቀመጥ፤ መልሱ ይኸው ነው።

ብሩክ፦ ምን ዓይነት ጫማ ልግዛ?

ባለ ከዘራው፦ ያለህን። አዲስ ጫማ አልፕስ ላይ አይፈተንም።

ሜሮን (ዱባይ)፦ ጥሩ ቦታ ይጠቁሙኝ።

ባለ ከዘራው፦ ጥሩ ማለት ምን ማለት ነው? በቀን ለስንት ሰዓት በእግር ትሄጃለሽ? ከፍታ ትፈሪያለሽ? በየትኛው ወር? ይህን ጽፈሽ ተመለሽ።

አልማዝ ከበርን፦ ይቅርታ፣ ግን መኪና ለምን አስፈለገ? ባቡርና አውቶቡስ የማይደርስበት መንደር የለም። የግማሽ ዋጋ ካርድ ገዝታችሁ በሰላም ተሳፈሩ።

የደባርቁ ልጅ፦ ለአራት ሰው መኪና ይረክሳል። ደግሞስ ሕፃን ያለው ሰው ዕቃውን በጀርባው ይሸከም?

አልማዝ ከበርን፦ የመኪና ማቆሚያ ሲከፈል አብረን እናየዋለን።

የጎንደር ወግ፦ እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ስሜን ተራሮች እያሉልን ለአልፕስ ይህን ሁሉ ፍራንክ መክፈል! ጭላዳስ እዚያ አለ?

የደባርቁ ልጅ፦ ወንድሜ፣ እኔ ደባርቅ ተወልጄ ነው የምጠይቀው። ያየሁትን ልጠይቅ?

ባለ ከዘራው፦ የስሜንን ክርክር ሌላ ቀን እናንሣው። አልማዝ ልክ ናት፤ ይህን የምለው ደግሞ ደመወዜን የሚከፍለኝ አውቶቡስ ስለሆነ አይደለም። መኪና ሰውን ወደ ቆመበት ይጎትታል። የኪራይ መኪና ያለው ሰው ክብ መንገድ ብቻ ይመርጣል፤ ወይም የሄደበትን ይመለሳል። አልፕስ ላይ ደግሞ የሚያምረው መንገድ ከአንዱ ሸለቆ ተነሥቶ በሌላው የሚወርደው ነው። ስለዚህ መኪናውን መድረሻው ላይ አቁሙና በጠዋት ባቡር ወይም አውቶቡስ ወደ መነሻው ሂዱ። ማታ እግራችሁ ሲዝል የሚጠብቃችሁ የራሳችሁ መኪና ነው፤ የሚያመልጣችሁ አውቶቡስ የለም።

ሜሮን (ዱባይ)፦ እሺ ጋሼ፦ ለስድስት ሰዓት እሄዳለሁ፣ ከፍታ አልፈራም፣ ሐምሌ አጋማሽ።

ባለ ከዘራው፦ አሁን መልስ አገኘሽ። መኪናሽን ግሪንደልቫልድ አቁሚ። በጠዋት በባቡር ወደ ቪልደርስቪል ውረጂ። እዚያ ከ1893 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ባለ ጥርስ ሐዲድ ባቡር አለ፤ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እያቃሰተ ሺኒገ ፕላተ ያወጣሻል፤ 1,967 ሜትር። ከዚያ በሸንተረሩ ላይ ወደ ፋውልሆርን ትሄጃለሽ፤ ጫፉ 2,681 ሜትር ነው፤ አናቱ ላይ አሮጌ ሆቴል አለ፤ ሾርባ ጠጪ። በስተቀኝሽ አይገርና ዩንግፍራው በረዷቸውን ለብሰው ቀኑን ሙሉ ይከተሉሻል። ከዚያ ባህአልፕ ሐይቅን አልፈሽ ፊርስት ትደርሺያለሽ፤ በኬብል ካር ቀጥታ ወደ መኪናሽ። በጠቅላላው ወደ 16 ኪሎ ሜትር ነው። የመጨረሻው ኬብል ካር የሚወርድበትን ሰዓት በጠዋት አረጋግጪ። ካመለጠሽ ከ1,100 ሜትር በላይ ቁልቁለት በጉልበትሽ ነው።

ዮናስ፦ ዘርማት ውስጥ መኪና ማቆሚያ ውድ ነው?

ባለ ከዘራው፦ ዘርማት መኪና አይገባም። ቴሽ ላይ አቁማችሁ አሥራ ሁለት ደቂቃ በባቡር። ቬንገንና ሙረንም እንደዚሁ ናቸው፤ ላውተርብሩነን አቁሙ።

የጎንደር ወግ፦ እሺ፣ የምር ጥያቄ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ ያደግን ሰዎች 2,600 ምን ያደርገናል?

ባለ ከዘራው፦ ሳንባህ ከአዲስ አበባ ትናንት ከመጣ ምንም። አሥር ዓመት ሜሪላንድ ከኖረ የሜሪላንድ ሳንባ ነው። ቁጥሩን ግን ከአገር ቤት ጋር አታስተያይ። እዚህ በ2,600 ሜትር ዛፍ የለም፤ በሰሜን ገጽ ባለው ጥላ ውስጥ በሐምሌም ጠጣር በረዶ ይቆያል። አንድ እርምጃ ሲንሸራተት ማቆሚያ የለውም፤ ዱካ ከሌለው ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነጎድጓድ አለ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ተነሡ፣ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ከሸንተረሩ ውረዱ።

የመንገድ ምልክቱንም እዩ። ቢጫ ብቻ ከሆነ ማንም ይሄደዋል። ነጭ-ቀይ-ነጭ የተራራ መንገድ ነው፤ እግሩ የጸና ሰው ይሂድ። ነጭ-ሰማያዊ-ነጭ ካያችሁ ገመድና ልምድ የሚጠይቅ ሊሆን ስለሚችል ተመለሱ። መንገድ ጠቋሚ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የጉዞ ሰዓት ዕረፍትን አይጨምርም። አደጋ ከደረሰ ስዊዘርላንድ ውስጥ የሄሊኮፕተር ነፍስ አድን 1414፣ በየትኛውም የአውሮፓ አገር 112። ሄሊኮፕተሩ ነፃ አይደለም፤ የጉዞ ዋስትናችሁ መሸፈኑን ሳትነሡ እዩ።

እኅተ ማርያም፦ ጋሼ፣ እኛ የምንመጣው በነሐሴ መጀመሪያ ነው፤ ፍልሰታ ላይ። የተራራ ማደሪያዎቹ የጾም ምግብ አላቸው?

ባለ ከዘራው፦ ቦታ ስትይዢ «ቬጋን» በይና አስቀድመሽ ጻፊ፤ ማታ ደርሰሽ ከጠየቅሽ አይብ ነው የሚቀርብልሽ። ጥሬ ገንዘብና ስስ የመኝታ ከረጢት ያዢ፤ ብርድ ልብስ አለ፣ አንሶላ የለም። እኔ በጾም በሶ ነው የምይዘው። ከምንጭ ውኃ ጋር በጥብጬ ስጠጣ የአገሬው ሰዎች ምንድን ነው ብለው ያያሉ፤ አቅምሻቸዋለሁ።

አልማዝ ከበርን፦ በሶው ከየት ነው የሚገኘው? እኔ አጥቻለሁ።

እኅተ ማርያም፦ እናቴ ልትልክልን ነው፣ ላካፍልሽ እችላለሁ።

የደባርቁ ልጅ፦ ለኔም!

ባለ ከዘራው፦ የበሶ ገበያችሁን በግል አድርጉት።

ካሳሁን፦ የጣሊያኖቹ ዶሎሚቲስ ተራሮችስ? ትሬ ቺሜ በመኪና ይደረሳል?

ባለ ከዘራው፦ ይደረሳል፤ የክፍያ መንገዱ 2,300 ሜትር አካባቢ ካለው አውሮንዞ ማደሪያ ድረስ ያወጣል። በበጋ ይሞላል፤ ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ። ከዚህ በላይ የጣሊያንን የሚያውቅ ሰው ይመልስ። በከተሞቻቸው ግን ለመኪና የተከለከለ ቀጠና ውስጥ አትግቡ፤ ቅጣቱ ከአከራዩ የአገልግሎት ክፍያ ጋር ቤታችሁ ድረስ ይመጣል።

ዮናስ፦ ስዊዘርላንድ ውስጥ በሰማያዊ መስመር ማቆም ነፃ ነው?

ባለ ከዘራው፦ ለተወሰነ ጊዜ፤ የቆማችሁበትን ሰዓት የሚያሳየውን ካርቶን መስታወቱ ላይ አድርጉ። ለእግር ጉዞ አይሆንም። ቢጫው የግል ቦታ ነው፤ አትንኩት።

ብሩክ፦ መኪናውን የእግር መንገዱ መነሻ ላይ ማቆም ይሻላል ወይስ መድረሻው ላይ?

ባለ ከዘራው፦ ብሩክ፣ ከላይ አንብብ።

ሄለን፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው ጥሩ ቦታ የት ነው?

ባለ ከዘራው፦ የሜሮንን አንብቢ። እኔ ነገ በጠዋት ተረኛ ነኝ፤ ልተኛ ነው።

ሰናይት (ሜሪላንድ)፦ ጋሼ አንዲት ብቻ፦ እኛስ ግሪንደልቫልድ ነው የምናቆመው?

ባለ ከዘራው፦ አዎ።