ሥልጠናው ይቅደም ወይስ ወፍጮው?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ከባቢሌ የሚመጣ ጥሬ ኦቾሎኒ በኪሎ እሸጣለሁ። የዛንዚባር ደሴት ሴቶች ሠልጥነው የባሕር አረማቸውን ሳሙና አድርገው እንደሚሸጡ ሰምቼ፣ እኔም የኦቾሎኒ ቅቤ ልጀምር አስቤአለሁ። መጀመሪያ ልሠልጥን ወይስ ወፍጮ ልግዛ?

አንባቢ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ እህታችን፣ ሥልጠናው ይቅደም፤ ወፍጮው ይደርሳል። በዛንዚባር የባሕር አረም እርሻ ለገበያ የተጀመረው በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑት አምራቾች ለረጅም ጊዜ አረሙን አድርቀው በርካሽ ለላኪዎች ያስረክቡ ነበር፤ አንዳንዶቹ የተሻለ ገቢ ያገኙት አረሙን ፈጭቶ ከኮኮናት ዘይት ጋር ሳሙና መሥራትን፣ ማሸግንና ዋጋ ማውጣትን ከተማሩ በኋላ ነው።

ለእርስዎም ዋናው ፈተና ስሌቱ ነው። 10 ኪሎ ኦቾሎኒ ቆልተው ገለባውን ካነሡ በኋላ የቀረውን ይመዝኑ፤ የጎደለው ክብደት፣ ከሰሉ፣ ጠርሙሱና የራስዎ ድካም (ብዙ ነጋዴ የሚረሳው ይህንን ነው) ዋጋው ውስጥ ካልገቡ፣ ቅቤው ከጥሬው ያነሰ ሊያተርፍ ይችላል። ሻጋታ የነካውን ፍሬ ሳይሳሱ ይጣሉት፤ አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ኢምፕሬቴክ የተባለው የንግድ ሥራ ፈጠራ ሥልጠና 6 ቀናት የሚወስድ ሲሆን፣ በአገራችን በኢንተርፕርነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት በኩል ይሰጣል። ሱቅዎን ለስድስት ቀን የሚጠብቅልዎ ሰው ከወዲሁ ይፈልጉ።