ስፓሪንግ መች ላስገባቸው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አሰልጣኝ፣ አምድዎን ሁሌ ነው የማነበው። እኔም ድሮ ቦክሰኛ ነበርኩ፣ ውድድር ካቆምኩ በኋላ የሰፈራችንን ልጆች ሰብስቤ ማታ ማታ አሰለጥናለሁ፣ ክፍያ ምናምን የለውም። አብዛኞቹ 14ና 15 ዓመታቸው ነው፣ ገና ጃብ (በፊተኛው እጅ የሚሰነዘረውን ቀጥታ ቡጢ) በደንብ ሳይዙ ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) አስገባን እያሉ ይጨቀጭቁኛል። ያስገባሁት አንዱ ጎበዝ ልጅ ደሞ ሰሞኑን አገጩን ተመትቶ ተንገዳገደ፣ በማግስቱ ራሴን አመመኝ አለ፣ አሁን ግን ደህና ነኝ ይላል፣ በቅርቡም ውድድር አለው። ላሰልፈው ወይስ ይቅር?

መልስ፦ ወንድሜ ከልጁ ልጀምር፣ እንዳታሰልፈው። ተመትቶ መንገዳገድና በማግስቱ ራስ ምታት የአንጎል መናወጥ ምልክት ነው፣ ራሱን ባይስትም እንኳ። ሐኪም ሳያየው ጓንት እንዳያጠልቅ፣ ካስመለሰው ወይ ከተምታታበት ወይ ራስ ምታቱ ከባሰበት ደሞ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዱት። ያልዳነ ጭንቅላት ላይ ሌላ ምት ሲያርፍ በተለይ በዚህ እድሜ አንጎል ሊያብጥ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም ግን ካጋጠመ ልጅ ይሞታል። ደህና ነኝ ማለቱን አትመን፣ መወዳደር የፈለገ ልጅ ሌላ ምን ሊል ነው? ሐኪሙ ሲፈቅድለት መጀመሪያ ቀለል ያለ ሩጫና ገመድ፣ ከዛ ሻዶ (ብቻውን አየር ላይ መምታት) እና ፓድ (አሰልጣኙ እጁ ላይ የሚይዘውን ትራስ መምታት)፣ ስፓሪንግ መጨረሻ ላይ፣ መሀል ላይ ራሱን ካመመው አቁመህ ወደ ኋላ መልሰው።

የራስ መከላከያ አድርጎ ቢገባስ የሚሉኝ አሉ። እሱ ፊት ከመተርተር ነው የሚያድነው፣ አንጎል ውስጥ ለውስጥ መናጡን አያስቀርም። አዋቂ ወንዶች አማተሮች በዓለም አቀፍ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2013 ያለሱ መጋጠም ጀመሩ፣ እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሪዮ ኦሎምፒክም እንደዛው ነበር፣ ያንተ ልጆች ግን እንዳያወልቁ።

ስፓሪንግ መች ላልከው እኔ ወር አልቆጥርም፣ ዓይናቸውን ነው የማየው። ፓድ ይዤለት እየመታ ድንገት በፓዱ ግንባሩን ነካ አደርገዋለሁ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ካዞረ ገና ነው፣ ጋርዱን (ፊቱን የሚከልልባቸውን እጆቹን) ሳያወርድ እያየኝ ከመለሰልኝ ደርሷል። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ አንዱ ጃብ ብቻ ይሰነዝራል ሌላው ይከላከላል፣ በ16 አውንስ ጓንት፣ በኪሎና በልምድ እኩል የሆኑትን አገናኝ እንጂ ጓደኛ ስለሆኑ አይደለም። ሲደክማቸው እጃቸው መውረድ ሲጀምር ደሞ ዙሩ ባያልቅም አስቁም።

አንዳንዱ አሰልጣኝ እሱ ያጣውን ሜዳሊያ ልጁ አንገት ላይ ማየት ያምረዋል፣ ብዙ ጎበዝ ልጅ እንደዛ ሲበላሽ አይቻለሁና በጣም ያንገበግበኛል። አንተ እንኳን ይቅር ወይ ብለህ ጠይቀሃል።

ለወላጆቹም ዛሬውኑ ንገራቸው፣ ቤት ውስጥ እንቅልፉንና ጠባዩን የሚያዩት እነሱ ናቸው። ልጁ ማኩረፉ አይቀርም፣ ያኩርፍ። የውድድሩ ቀን ከደህና ጓደኞቹ ጋ ይዘኸው ሂድ፣ ኮርነር (የሪንጉ ጥግ) አጠገብ ሆኖ ውሃ እያቀበለ የሚቀጥለውን ተጋጣሚውን እግር በደንብ ያጥና።