አንዱን ቁልፍ ለየኮሩ ማካፈል፦ ስለ ከርነል ስፒንሎክ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ለሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) የኔትወርክ ሞጁል እጽፋለሁ። የግንኙነቶች ሰንጠረዥ አለኝ፤ ኮሮቹ (የፕሮሰሰሩ ሥራ ክፍሎች) ሁሉ የሚገቡበት በአንድ ስፒንሎክ ነው፤ ማለትም ጠባቂው ኮር ሳይተኛ እየተሽከረከረ በሚጠብቀው ቁልፍ። በ4 ኮር ማሽን ላይ ደህና ነበር። 64 ኮር ባለው ሰርቨር ላይ ግን ኮር በጨመርኩ ቁጥር የሚያልፈው ፓኬት ይቀንሳል። በፐርፍ (በሊኑክስ የፍጥነት መመርመሪያ) ሳየው ጊዜው የሚያልቀው ቁልፉን በመጠበቅ ነው። ለእያንዳንዱ ኮር የራሱን ቁልፍ ልስጠው?

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ስሌት ይሥሩ። ቁልፉ ተይዞ የሚሠራው ሥራ 200 ናኖሰከንድ ከፈጀ፣ የኮሩ ብዛት ምንም ያህል ቢሆን በሰከንድ ከ5 ሚሊዮን ጊዜ በላይ መግባት አይቻልም። ይህ ጣሪያው ነው። ከጣሪያውም በታች የሚወርዱት ቁልፉና ቁልፉ የሚጠብቀው ዳታ ያሉባቸው ባለ 64 ባይት ካሽ ላይኖች (በኮሩ ፈጣን ጊዜያዊ ማስታወሻ ውስጥ ዳታ የሚቀመጥባቸው ቁራጮች) ከኮር ወደ ኮር ስለሚመላለሱ ነው። ሊኑክስ በኤክስ86 ላይ ከ4.2 (2015) ጀምሮ የሚጠቀመው ስፒንሎክ ጠባቂዎቹን ያሰልፋል፤ ከሰልፉ ራስ በስተቀር እያንዳንዱ የሚሽከረከረው በራሱ ማስታወሻ ላይ ነው። መሠረቱ መለር-ክራሚና ስኮት በ1991 ያሳተሙት ዘዴ ነው። ግርግሩን ያበርደዋል፣ ወረፋውን ግን አያስቀርም። ስለዚህ የቁልፉን ዓይነት መለወጥ እርስዎን አያድንም፤ መከፈል ያለበት ዳታው ነው።

ዳታው አንድ ሆኖ ቁልፉ ብቻ ሲከፈል ሕጉ እንዲህ ነው፦ የሚያነበው ኮር የራሱን ቁልፍ ብቻ ይይዛል፣ የሚጽፈው የሁሉንም። ማንበብ ርካሽ ይሆናል፤ ዋጋውን በሙሉ የሚከፍለው ጸሐፊው ነው። አንድን ቁልፍ ከሌላ ኮር ካሽ ማምጣት 100 ናኖሰከንድ ያህል ይፈጃል ብንል፣ 64ቱን መሰብሰብ 6.4 ማይክሮሰከንድ ነው። በሰከንድ 10,000 አዲስ ግንኙነት ከመጣ ጸሐፊዎቹ ከእያንዳንዱ ሰከንድ 64 ሚሊሰከንድ ይወስዳሉ፤ 100,000 ከመጣ 640 ሚሊሰከንድ። የግንኙነት ሰንጠረዥ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጻፍበት ነገር ነው። ስለዚህ ለእርስዎ ይህን አንመክርም።

የሚሻለው የሊኑክስ ኮንትራክ (የከርነሉ የግንኙነት መከታተያ) ራሱ የሄደበት መንገድ ነው። እስከ 3.14 ድረስ አንድ ማዕከላዊ ቁልፍ ነበረው፤ በ3.15 (2014) ተነሥቶ በሃሽ (ከግንኙነቱ መለያ በሚሰላ ቁጥር) የሚመረጡ 1024 ቁልፎች ተተኩ፣ ፍለጋው ደግሞ ያለ ቁልፍ በአርሲዩ (አንባቢዎች ሳይቆልፉ የሚያነቡበት፣ አሮጌው ዳታ እነሱ ከወጡ በኋላ ብቻ የሚለቀቅበት ዘዴ) ይካሄዳል። አንድ ግንኙነት በሁለት ባልዲዎች (በሃሽ በሚመረጡ የሰንጠረዡ ክፍሎች) የሚመዘገብ ከሆነ ሁለቱን ቁልፎች ሁልጊዜ ከትንሹ ቁጥር ወደ ትልቁ ይያዙ። ቅደም ተከተሉ አንድ ጊዜ ከተዛባ ሁለት ኮሮች እርስ በርስ ተጠባብቀው ይቀራሉ።

ጥያቄ፦ የእኔ ሰንጠረዥ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ይለወጣል፣ የሚነበበው ግን ለእያንዳንዱ ፓኬት ነው። በኮር ቁጥር የሚጠራ የስፒንሎክ ድርድር ሠራሁ። ፍጥነቱ ምንም አልተሻሻለም፤ አልፎ አልፎም ማሽኑ ይደርቃል።

መልስ፦ ፍጥነቱ ያልተሻሻለው ቁልፎቹ ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ነው። አንድ ስፒንሎክ የማረሚያ አማራጮች ሲጠፉ 4 ባይት ነው፤ ስለዚህ በአንድ ካሽ ላይን ውስጥ 16 ቁልፎች ይገባሉ፣ አንዱ ሲነካ የቀሩት 15ቱም ከሌሎቹ ኮሮች ካሽ ይሰረዛሉ። ድርድሩን ትተው በከርነሉ የፐር-ሲፒዩ (ለየኮሩ የተከፈለ) ማስታወሻ ውስጥ ያስቀምጧቸው፤ የየኮሩ ክፍል የተለያየ ነው። ለማረጋገጥ የፐርፍን ሲቱሲ ትእዛዝ ያሂዱ፤ ኮሮች የሚሻሙበትን ካሽ ላይን ለይቶ ያሳያል።

የመድረቁን ምክንያት መጀመሪያ ኢንተራፕቱ (ኮሩ የያዘውን ሥራ የሚያቋርጠው ጥሪ) ላይ ይፈልጉ። ፓኬት የሚስተናገደው በሶፍት ኢንተራፕት፣ ማለትም ከርነሉ ራሱ በሚያስነሣው መቋረጥ ነው። ጸሐፊው በተራ ፕሮሰስ ውስጥ ሆኖ የኮር 5ን ቁልፍ ከያዘ በኋላ እዚያው ጸሐፊው ባለበት ኮር 5 ላይ ፓኬት ቢደርስ፣ አስተናጋጁ የተቋረጠው ጸሐፊ የያዘውን ቁልፍ ይጠብቃል፤ ጸሐፊው ደግሞ አስተናጋጁ ሳይጨርስ አይመለስም። መፍትሔው ጸሐፊው ሶፍት ኢንተራፕትን አንዴ አጥፍቶ ከዚያ ቁልፎቹን ከ0 ጀምሮ በቅደም ተከተል መያዝ ነው። ቁልፉ በሃርድ ኢንተራፕትም (ከመሣሪያ በሚመጣ መቋረጥ) የሚያዝ ከሆነ ኢንተራፕቱ ራሱ መጥፋት አለበት። ኮሮቹን ሲቆጥሩም አሁን የበሩትን ሳይሆን ሊኖሩ የሚችሉትን በሙሉ ይቁጠሩ፤ በመሃል አንድ ኮር ቢነሣ ቁልፉ ሳይያዝ ያልፋል።

በፕሮሰስ ውስጥ ሆኖ የሚያነብ ኮድ ካለ ደግሞ የያዘውን ቁልፍ አድራሻ ያስታውስ። ሲለቅ የኮር ቁጥሩን እንደገና ከጠየቀ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን ከጠየቀ በኋላ ቁልፉን ከመያዙ በፊት ወደ ሌላ ኮር ተዛውሮ ከሆነ ያልያዘውን ይለቃል።

ስህተት ለማደን ሎክዴፕን (የከርነሉን የቁልፍ አያያዝ መርማሪ) ሲያበሩ ሌላ ነገር ይገጥምዎታል፦ በአንድ ጊዜ 48 የተያዙ ቁልፎችን ብቻ ነው የሚመዘግበው። 64 ሲይዙ አቤቱታውን አሰምቶ ራሱን ያጠፋል። ከርነሉ የፕሪኤምፕሽን (ኮሩን ከአንድ ሥራ ቀምቶ ለሌላ የመስጠት) መከልከያውን የሚቆጥረው ደግሞ በ8 ቢት ነው፤ ከ255 በላይ ስፒንሎክ መያዝ ቆጣሪውን ያጥለቀልቀዋል። በትልቅ ማሽን ላይ ይህ ሩቅ አይደለም።

እውነቱን ለመናገር፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ለሚለወጥ ሰንጠረዥ ቁልፍ ጭራሽ አያስፈልግም። አዲስ ቅጂ ያዘጋጁ፣ ጠቋሚውን በአርሲዩ ይቀይሩ፣ ቀድመው የገቡት ሁሉ እስኪወጡ ጠብቀው አሮጌውን ያስለቅቁ። የሚያነበው ኮድ መተኛት የሚፈልግ ቢሆን የከርነሉ የፐር-ሲፒዩ ሪድ-ራይት ሴማፎር (ጠባቂው መተኛት የሚችልበት፣ አንባቢንና ጸሐፊን የሚለይ ቁልፍ) ይሆን ነበር፤ የፋይል ሲስተም ማቀዝቀዣው (በፋይሎቹ ላይ መጻፍን ለጊዜው የሚያቆመው) እሱን ነው የሚጠቀመው። በሶፍት ኢንተራፕት ውስጥ ግን መተኛት ክልክል ስለሆነ ለእርስዎ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ለየኮሩ የከፈልኩት ቆጣሪ አንዳንዴ ከእውነቱ በሺዎች ይርቃል። ስህተት ነው?

መልስ፦ ፐርሲፒዩ ካውንተርን (የከርነሉን ለየኮሩ የተከፈለ ቆጣሪ) ተጠቅመው ከሆነ አይደለም። እያንዳንዱ ኮር የራሱን ጥርቅም ወደ ማዕከል የሚያስገባው ባች የሚባለው መጠን ሲሞላ ነው፤ መጠኑ ከ32 እና ከኮሮቹ ብዛት እጥፍ ትልቁ ነው። በ64 ኮር 128 ይሆናል፤ 64 ሲባዛ በ128፣ ልዩነቱ እስከ 8,192 ሊደርስ ይችላል። ለስታቲስቲክስ ይበቃል። ኮታ ለመገደብ ከሆነ ግን ወደ ጣሪያው ሲቃረቡ ሁሉንም ኮር የሚደምረውን ጥሪ ይጠቀሙ፤ ውድ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ፓኬት አይጥሩት።