መልስ፦ የልጄ እናት ያለፉትን አራት ዓመታት የልጅ ቀለብ አሁን ልትጠይቀኝ ትችላለች ወይ?

ወንድሜ፣ አራት ዓመት በእጅ ስትሰጥ ቆይተህ አሁን «የኋላውን ሁሉ ክፈል» መባልህ እንደሚያናድድ ይገባኛል። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነበረ ወይስ አልነበረም?

ከነበረ፣ ያልከፈልከው ውዝፍ ዕዳ ነው። ሥራ ብታጣ እንኳ ትእዛዙ በራሱ አይቀንስም፤ ይሻሻልልኝ ብለህ ማመልከት አለብህ። ትእዛዝ ካልነበረ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። አንዳንዱ ከክሱ ቀን ጀምሮ ብቻ ያስቆጥራል፤ አንዳንዱ የተወሰኑ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል።

ከዚያ በኋላ ጭቅጭቁ ሁሉ ማስረጃ ላይ ነው። በእጅ የሰጠኸውን «አልተቀበልኩም» ካለች ምን ታሳያለህ? የባንክ ዝውውር፣ «ደርሶኛል» ያለችበትን የስልክ መልእክት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ ያገኘኸውን ሁሉ ሰብስብ። ለልጅህ የገዛኸውን ጫማና አሻንጉሊት ግን ብዙ አትመካበት። ብዙ ጊዜ እንደ ስጦታ ነው የሚታየው (እኔም ዘግይቼ ነው የገባኝ)።

«ያልከፈልኩት ልጄን እንዳላይ ስለከለከለችኝ ነው» የሚለውንም ተወው። ቀለብና ልጅ የማየት መብት ለየብቻ ነው የሚታዩት።

ድምሩ ከከበደህ በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል ጠይቅ። ከተስማማችሁም በጽሑፍ አድርጉትና ፍርድ ቤት ያጽድቀው። የዚህን ወር ደግሞ ዛሬውኑ በባንክ ላክ።