«ወንድሜ ከጨብሲ በኋላ ኪኒን ይወስዳል፣ ምን ላድርግ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ቀበሌ 14 ነው የምኖረው። ታናሽ ወንድሜ 20 ዓመቱ ነው፣ ተማሪ ነው። ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ጣና ዳር ይቅማል፣ ሲመሽ ደግሞ ጨብሲ ይላሉ፣ ቢራ ወይ አረቄ። ይሄንንስ ተቆጥቼ ተቆጥቼ ደክሞኝ ትቼዋለሁ። በቀደም ግን ልብሱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ግማሹ ያለቀ የትራማዶል እሽግ አገኘሁ። «ለወገቤ ነው» አለኝ። ቅዳሜ ሌሊት ወድቆ ተንቀጠቀጠ፣ አረፋ ደፈቀ። ጎረቤት ክብሪት ጭሮ አሸተተው። እናቴ የሚጥል በሽታ ነው ብላ ጠበል ልትወስደው ነው። ሆስፒታል እንውሰደው ስላት «ፖሊስ ይይዘዋል» ትለኛለች።

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተንቀጠቀጠ ሰው ኪኒን ወሰደም አልወሰደም መመርመር አለበት። የሚጥል በሽታም ሊሆን ይችላል። እኔን ግን ያ እሽግ ነው ያሳሰበኝ።

ትራማዶል የሞርፊን ዘመድ የሆነ የሕመም ማስታገሻ ነው፣ ለምሳሌ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ይታዘዛል። አንዱ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ 50 ሚሊግራም ነው፣ ለአዋቂ በቀን ከ400 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። ማንቀጥቀጥ ከታወቁ ጠንቆቹ አንዱ ነው። መጠኑ ሲበዛ ይብሳል፣ በታዘዘለት ልክ የወሰደ ሰው ላይም ይደርሳል። እንቅልፍ ማጣት ራሱን ችሎ ለዚህ ያጋልጣል፣ ጫቱ ደግሞ ሌሊቱን ዓይኑን አፍጥጦ ያሳድረዋል።

ብዙ ወጣት የማያውቀው ነገር ቅልቅሉን ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ያነቃል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል። ትራማዶልና አልኮል ደግሞ ተደርበው ትንፋሽ ያዘገያሉ። ልጁ ምርቃና ላይ እያለ የሁለቱ ድንዛዜ አይታወቀውም፣ «ምንም አላለኝም» ብሎ ሌላ ፍሬ ይደግማል፣ ቢራም ያስከትላል። ሌሊት ጫቱ ሲወርድ የሚቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ጓደኞቹ «ሰክሯል፣ ይተኛበት» ብለው ጥለውት የሚሄዱት ደግሞ ልክ ያኔ ነው። ጠርተሽው፣ ነቅንቀሽው ካልነቃ፣ ትንፋሹ እየቆየ የሚመጣ ከሆነ፣ የሚያንኮራፋው እንደታነቀ ሰው ከሆነ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ እንቅልፍ አይደለም። በጎኑ አስተኝተሽ 907 ደውይ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። አምቡላንስ ከዘገየ ባጃጅም ቢሆን ያዢ።

ክብሪቱን ተዉት። መንቀጥቀጥ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ በራሱ ያቆማል፣ የጫረው ሰውዬ ግን «እኔ ነኝ ያነቃሁት» ይላል! ማንኪያም ጣትም አፉ ውስጥ አታስገቡ፣ አትጫኑት። ከራሱ ስር ልብስ አድርጉለት፣ ሲያቆም በጎኑ አዙሩት፣ ሰዓት እዩ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ጠበሉን በተመለከተ እናትሽን አትጋፊያት፣ ሕክምናውንም ጠበሉንም አብሮ ማስኬድ ይቻላል። ነገር ግን ኪኒኑን በየቀኑ ሲወስድ ከከረመ በድንገት ሲቋረጥበት ሀራራው ይነሳል፦ ያልበዋል፣ ሰውነቱ ይቆረጣጠማል፣ ያስቀምጠዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ይቁነጠነጣል። ጫቱ ሲቀር ዱካኩ ይጨመርበታል። ጠበል ቦታ ይሄን ያየ ሰው «መንፈሱ ጮኸ» ሊል ይችላል፣ ልጁ ግን የሚያስፈልገው መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንስለት ሐኪም ነው። በአንድ ቀን ቁረጥ ብለሽም አታስጨንቂው።

የፖሊሱ ነገር እናቶችን ሁሉ ያስፈራል። ሐኪም ፊት የሚቀርበው ታካሚ ነው፣ ሐኪሙም ምስጢሩን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ውሰጂው። እሽጉን ይዘሽ ሂጂ፣ ስንት ፍሬ እንደጎደለም ንገሪያቸው። «ምግብ ተመርዞ ነው» ብሎ መደበቅ የተሳሳተ ሕክምና ያመጣበታል። ድንገተኛው ካለፈ በኋላ የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዲያየው ጠይቂ። እብድ ነው ማለት አይደለም፣ ሱስ የሚታከመው እዚያ ስለሆነ ነው።

ልታናግሪው ስታስቢ ምርቃና ላይ አይሁን፣ ያኔ ሁሉንም እሺ ይልሻል። ጠዋት ዱካክ ላይ እያለም አይሁን፣ ይጣላሻል። ምሳ ከበላ በኋላ፣ ጓደኞቹ ሳይጠሩት በፊት ይሻላል። «ቅዳሜ ሌሊት የሞትክ መስሎኝ ነበር» በይው፣ ስድቡ ይቅር። ወገቡን እውነት አሞት ከሆነም ይታይለት፣ አይታወቅም።

ሐኪም እስኪያየው ድረስ ብቻውን ክፍል ቆልፎ አይተኛ፣ ሞተር አይንዳ። ጣና ውስጥም አይዋኝ፣ ውሃ ውስጥ ቢያንቀጠቅጠው ጓደኞቹ የሚጫወት ሊመስላቸው ይችላል።